«በጣም ጥሩ ነው» ብሎ የማይመለስ ደንበኛ

ጎንደር ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ምግቡ ያልጣመው ሰው ሲወጣ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» ይላል። የጣመውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፈገግታቸው እንኳ አይለይም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቆይቶ፣ አንደኛው ጓደኛ አስከትሎ ሲመለስ፣ ሌላኛው ደግሞ በሩ አጠገብ ሲደርስ ወደ ማዶ ተሻግሮ ሲያልፍ ነው። የቀረበለትን ማዕድ ማጣጣል ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ የበላውንም ቢሆን አይነቅፍም። ለእንግድነት ሲሆን ይህ ያማረ ጠባይ ነው። ምግብ ቤት ለከፈተ ሰው ግን መከራ ነው፤ ለምን እንደከሰረ ሳይነግሩት ያከስሩታል።

ይህን የምለው በሩቅ አይቼ አይደለም። አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ዱባይ ውስጥ በአንድ የኮሪያ ዶሮ ጥብስ ቤት ለዓመታት ሠርታ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ተመለሰች። ፒያሳ አካባቢ፣ ጣሊያኖች ሠርተዋቸው ከሄዱት ሕንጻዎች ብዙም ሳትርቅ፣ ጠባብ ቤት ተከራይታ ያንኑ ጥብስ መሸጥ ጀመረች። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ገቢና ወጪዋን አብሬያት ስለምመዘግብ፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያለችው ወንበር የእኔ ሆናለች። እዚያ ተቀምጬ ሰው ሲበላ አያለሁ። ሰው ሲበላ ማየት ደግ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ደብተር ተዘርግቶ ብዕር ይዞ የተቀመጠን ሰው ማንም አይጠረጥረውም።

በመጀመሪያ ምግቡ ምን እንደሆነ ልናገር፤ አብዛኛው ደንበኛም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ዶሮ ለመጥበስ ኮሪያ ድረስ ምን አስኬደ?» ያሉ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የኮሪያው ዶሮ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል። በድንች ወይም በበቆሎ ስታርች በስሱ ተለብጦ መጀመሪያ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ይበስላል፤ ከዚያ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ያርፋል። በዚያ ዕረፍት ከሥጋው ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር በጋለ ዘይት ነው፤ የወጣውን እርጥበት አትንኖ ቅርፊቱን ያደርቀዋል። ስታርች እንደ ስንዴ ዱቄት ስለማይለጠጥ ልባሱ አይወፍርም፤ ስስ ነው፤ ሲነክሱት ኩርሽም ይላል። ከዚህ በኋላ ወይ እንዳለ ይቀርባል፣ ወይም ያንግኒዮም የሚባል የሚጣፍጥም የሚያቃጥልም ቀይ ሶስ ይቀባል።

ከአጠባበሱ ይልቅ የሚማርከኝ የዚህ ቀይ ሶስ አመጣጥ ነው። ዴጉ በምትባለው የኮሪያ ከተማ ዩን ጆንግ ጌ የሚባል የዶሮ ጥብስ ነጋዴ ነበር። ጥብሱ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ እየደረቀ የደንበኞቹን ላንቃ ይጭር ነበርና መብላት ያስቸግራቸዋል። ሰውየው ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ነገር ፍለጋ ወራት ፈጀ። ቅመሙ አልያያዝ ሲለው አንዲት የሰፈር አሮጊት የእህል ሽሮፕ ጨምርበት አሉት፤ ጨመረ፤ ተያያዘለት። ራሱ ሲተርከው እንደኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የሆነ ነው። ዛሬ ከሴኡል እስከ ዱባይ የሚሸጠው ሶስ መነሻው ያ ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኞቹ ለምን እንደተቸገሩ ስላሰበ፣ አንዲት አሮጊትም «እኔን ምን አገባኝ» ብለው ስላላለፉ የተገኘ ምግብ ነው።

ጓደኛዬ ታሪኩን ታውቀዋለች። ችግሯ ጎንደር ውስጥ አፉ የተጫረ ሰው «ተጫርኩ» የማይል መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚነበበውን ማንበብ ጀመረች፤ ሳህኑን። አስተናጋጇ ሳህን ስታነሳ ከማጠቢያው በፊት በእሷ ፊት ታሳልፋለች። ቅርፊቱ ተልጦ ተበልቶ ሥጋው ከቀረ ዶሮውን አልወደዱትም ማለት ነው። ሥጋው አልቆ ቅርፊቱ ዳር ላይ ከተከመረ ዘይቱ በዝቷል። ሶሱ በሹካ ተጠርጎ ዳር ላይ ከቀረ ጣፋጭነቱን አልተቀበሉትም። «ጠቅልዪልኝ» ያለ ሰው ግን አይታመንም። የተረፈውን የሚያስጠቀልለው ወድዶ ሊሆን ይችላል፤ እሷ እንዳታዝን ብሎም ሊሆን ይችላል፤ ግቢው ውስጥ ውሻ ኖሮትም ሊሆን ይችላል።

ጣፋጭነቱ የመጀመሪያው ጠብ ነበር። ዶሮ ላይ ስኳር! በእኛ ዘንድ ዶሮ ከሽንኩርት በሚወጣ ጣፋጭነት ቢጣፍጥ እንጂ ስኳር ሲነሰነስበት አላየንም። አንዲት ወጣት ሚስት ቀምሳ ወደ ባሏ ዘወር ስትል ያየሁትን ፊት አልረሳውም፤ ቃል አልወጣትም፣ ግን ባልየው «በይ ድንቹን ብዪ» አላት። ጓደኛዬ ከዱባይ ያመጣችው ጎቹጃንግ ደግሞ፣ ከቃሪያ ዱቄት፣ ከሚጣበቅ ሩዝና ከፈላ አኩሪ አተር የሚዘጋጀው ቀይ ሊጥ፣ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ሌላ ማስመጣት የማይታሰብ ሆነ። ያኔ እናቷ ጓዳ ገብታ የድልህ ማሰሮ አወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሶሱ የሚሠራው ከጎንደር ድልህ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጥቂት ማር ነው። የኮሪያ ሰው ቢቀምሰው ያንግኒዮም ነው አይልም ይሆናል፤ የፈላው አኩሪ አተር የሚሰጠው ጥልቀት የለውም። እኔ ግን የቀድሞውን አልመኝም። ደንበኛውም መጀመሪያ አሽትቶ፣ ከዚያ በጣቱ ነክቶ «ይህማ ድልህ ነው!» ሲል የሚደሰተው የሚያውቀው ሰው ባልጠበቀበት አገር ያጋጠመውን ያህል ነው። ማሩን ግን ካልነገሩት አይደርስበትም። ነጭ ራዲሽ ተከትፎ በኮምጣጤና በስኳር የሚቀርበው የኮሪያው ማባያም እዚህ በጥቅል ጎመን ተተክቷል። በነገራችን ላይ ኮሪያ ውስጥም የተከተፈ ጥቅል ጎመን ከጥብስ ጎን ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ይህኛውን ማንም አይከሰንም።

ሁለተኛው ጠብ የዶሮው መጠን ነው። ለዚህ አጠባበስ የሐበሻ ዶሮ አይሆንም። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ የተፈጠረ ነው፤ ሰዓታት ተንተክትኮ ነው ጣዕሙን የሚሰጠው። ዘይት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢገባ ጎማ ነው የሚሆነው። ኮሪያውያን ለጥብስ የሚመርጡት በአንድ ወር ገደማ የሚታረድ፣ ታርዶና ተዘጋጅቶ አንድ ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ለጋ ዶሮ ነው። ጓደኛዬ አዘዞ አካባቢ የፈረንጅ ዶሮ ከሚያረቡ ልጆች ትረከባለች። ሙሉ ዶሮ ያዘዘ ሰው ሳህኑ ሲቀርብለት «ይህ ዶሮ ነው ጫጩት?» ማለቱ አይቀርም፤ ይህችን እንኳ የሚናገራት ለእሷ ሳይሆን አብሮት ለተቀመጠው ነው። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይጀምራል። «በዚህ ብር እኮ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ሲጮህ የሚሰማ አውራ ዶሮ እገዛለሁ።» በሂሳብ ሠራተኛነቴ ልፍረድ ካላችሁኝ እውነቱን ነው፤ ይገዛል። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ከሰሉና የሚስቱ ግማሽ ቀን ግን በሂሳቡ ውስጥ አልገቡም።

የገንዘብ ክርክር ይረግባል። የማይረግበው የብልቱ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አያቱን ይዞ መጣ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ እጅ ተታጠበ፤ ሳህኑ ቀረበ። እሳቸው ግን አልጀመሩም። ቁራጮቹን በጥንቃቄ ያያሉ። ሁሉም እኩል እኩል፣ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ከነአጥንቱ በቢላዋ የተከተከተ ነው። ቆይተው ጓደኛዬን ጠሯትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ፈረሰኛው የቱ ነው?» አሏት።

ለአንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። በ12 ብልት የወጣ ዶሮ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤት አለው፤ ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ፣ ክንፉ ለማን እንደሚደርስ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አያት የጠየቁት ስለ ሥጋ አልነበረም፤ በዚህ ሳህን ላይ የእኔ ቦታ የት ነው ማለታቸው ነበር። ጓደኛዬ «አባባ፣ ይህ አገር ፈረሰኛ አይለይም» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ከደረቱ በኩል አንዱን ሳይከተከት ለብቻው ጠብሳ፣ በትንሽ ሳህን አድርጋ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ደረት ሳይከተከት ይወጣል። በዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም፤ አይከፈልበትም። ኮሪያም ቢሆን ነገሩ ያን ያህል የራቀ አይደለም፤ ከአንድ ዶሮ የሚወጡት ሁለት እግሮች ለማን ይድረሱ የሚለው የቤተሰብ ሙግት እነሱም ቤት አለ።

ወደ ሴቶቹ ጥያቄ ልምጣ። ጎንደሬ ባለሙያ ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ዶሮ ከመብላቷ በፊት የምታጣራው አንድ ነገር ነው፤ አስተጣጠቡን። ቤቷ በሎሚና በጨው አሽታ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግማ ለቃልቃ የምታጥብ ሴት፣ ሌላ ሰው ያጠበውን ዶሮ በቀላሉ አታምንም። ይህ ጥያቄ ከይሉኝታ ነፃ ነው፤ በግልጽ ይጠየቃል። አንዳንዶቹ መልስ አይበቃቸውም፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «እስኪ ልየው» ብለው ወጥ ቤት ይገባሉ። በሌላ ከተማ ያለ ባለቤት ቅር ይለው ይሆናል። ጓደኛዬ በሩን ከፍታ ታስገባቸዋለች። ገብታ ያየች ሴት ደንበኛ ሆና ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ በር ላይ «አይፈቀድም» የተባለች ሴት ደግሞ ለሰፈር ሁሉ የምትናገረውን መገመት አያቅትም።

ሌላው ጥያቄ «ማን ባረከው?» ነው። በዚህ ላይ ማስመሰል የለም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ከአዲስ ዓለም፣ ከሙስሊሙ ሰፈር፣ የሚመጡ ልጆች በር ላይ ጠይቀው ሲመለሱ አያለሁ፤ ቅሬታ የለበትም፤ «እሺ፣ ግድ የለም» ብለው ይሄዳሉ። ጓደኛዬ ይህን ለመፍታት ያሰበችው ነገር አልነበረም። የፈታው ጾሙ ነው።

ዶሮ ቤት ከፍቶ ረቡዕንና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ የነቢያትን፣ ፍልሰታን መዝለል ማለት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን መዝጋት ማለት ነው። ኪራይ ግን አይጾምም። ስለዚህ በጾም ቀን ድንች፣ እንጉዳይና የአበባ ጎመን በዚያው ስታርች ተለብጠው፣ ሁለቴ ተጠብሰው፣ በዚያው የድልህ ሶስ ተቀብተው ይቀርባሉ። ማሩ ግን ጾመኞቹን ሲያከራክር ስለዋለ ለጾሙ በስኳር ተተካ። ከሁሉ በላይ ያስቸገረው ዘይቱ ነበር። ዶሮ የገባበት ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ድንች ጾመኛ አይበላም፤ ይህንንም ያለ ይሉኝታ ይጠይቃል፤ «መጥበሻው የተለየ ነው?» ይላል። ሁለተኛ መጥበሻ ተገዛ፤ ማጥለያውና መቆንጠጫው ሳይቀር ተለየ፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ታሰረበት። እኔ በወጪ በኩል ስመዘግበው አጉረምርሜ ነበር።

ከዚያ ረቡዕና ዓርብ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ መጥበሻ እንዳለ የሰሙት የአዲስ ዓለም ልጆች ከክርስቲያን የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር መምጣት ጀመሩ። ቅዳሜ አብረው ሊበሉ የማይችሉ ልጆች ረቡዕ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ይጎራረሳሉም። አሁን በሂሳብ ደብተሬ ላይ ረቡዕ ከማክሰኞ የተሻለ ገቢ የሚያስገባባቸው ሳምንታት አሉ፤ ዶሮ ቤት ውስጥ ዶሮ የማይሸጥበት ቀን ማለቴ ነው። ለዚህ ነገር ትልልቅ ቃላት ሊመዝዙ የሚፈልጉ እንግዶች አጋጥመውኛል። ልጆቹ ራሳቸው ግን የሚነጋገሩት ስለ ፈተናና ስለ እግር ኳስ ነው።

ጾመኛውና አስተጣጠቡን የምታጣራው ሴት ጠያቂዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ ሕግና ስለ ንጽሕና ነው። ጣዕምንና አበሳሰልን በተመለከተ ግን ዝምታው እንደ ቀጠለ ነበር። ዝምታውን የሰበሩት አንዲት እናት ናቸው። ከልጃቸው ጋር መጥተው፣ አንዱን ቁራጭ ከአጥንቱ ለይተው ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ ጓደኛዬን ጠርተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ ስሚኝማ። ውጪው ነዷል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ይህን ለሰው አትስጪ» አሏት። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጃቸው በሀፍረት አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ ኧረ ተይ!» አለቻቸው። እሳቸው ግን አልተዉም፤ ቁራጩን ለጓደኛዬ ሰጥተው «እዪው» አሏት።

ለጋ ዶሮ በደንብ በስሎም አጥንቱ አጠገብ ሊቀላ ይችላል፤ አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ ከመቅኔው ቀለም ይወጣል። ጓደኛዬ ይህን ሰበብ ማቅረብ ትችል ነበር። አየችው፤ ሥጋው ራሱ ጥሬ ነበር። ያን ማታ ቆጥሮ መዝጋቱ ቀርቶ፣ ምን እንደተፈጠረ ስናውጠነጥን አመሸን። የምትሠራው ዱባይ እንደተማረችው ነው፤ ደቂቃው ያው፣ የዘይቱ ሙቀት ያው 165 ዲግሪ። የተለወጠው ከተማው ነው። ዱባይ የባሕር ዳርቻ ናት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ገደማ ይፈላል። ዘይት ውስጥ የገባ ዶሮ ውስጡ ያለው ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ውስጡ ከዱባይ ይልቅ ቀስ ብሎ ይበስላል። ዘይቱ ግን እንደ ዱባዩ የጋለ ስለሆነ ቅርፊቱን በጊዜ ያጠቁረዋል። ጠባሹ ቀለሙን አይቶ ያወጣዋል፤ ያኔ ውስጡ ገና ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያውን ዙር ሙቀት በአሥር ዲግሪ ያህል ቀንሶ ጊዜውን ማራዘም። ደጋ ላይ ባቄላ የሚቀቅል ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ዶሮ ላይም እንደሚሠራ ግን ማናችንም አላሰብንም።

የሚያናድደኝ እናቲቱ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው። ስንት ሰው ያን ጥሬ ሥጋ አይቶ፣ ዳር ላይ ገፍቶ፣ በናፕኪን ሸፍኖ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ሄዷል? በናፕኪን የተሸፈነ ሳህን ሲያጋጥማት ጓደኛዬ እንኳ የንጽሕና ነገር መስሏት ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋነት ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም። የምግብ ቤቱን ባለቤት አልጠቀመም። ከኋላ የሚመጣውን በላተኛም ለጥሬ ዶሮ አሳልፎ ሰጥቷል።

ስለ ወጣቶቹ ብዙ የምለው የለም። በስልካቸው የኮሪያ ድራማ የሚከታተሉ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ዶሮን ከቢራ ጋር መብላት ኮሪያ ውስጥ ቺሜክ እንደሚባልም ለአስተናጋጇ ያስረዷታል፣ ከዚያም ዳሽን ያዛሉ። ፎቶ ያነሳሉ። የሚያስቀኝ የፕላስቲክ ጓንቱ ነው። ኮሪያውያን ሶስ የተቀባ ዶሮ ሲበሉ ስስ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ጓደኛዬም እንደ ወጉ አቀረበች። ወጣቶቹ ደስ ብሏቸው ያጠልቃሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ግን ጓንቱን አንስቶ አይቶ፣ አጣጥፎ ያስቀምጠውና እጁን ሊታጠብ ይነሳል። አንድ ጋሼ «ታጥቤ ነው የመጣሁት እኮ» ብለው ቅር ሲላቸው ሰምቻለሁ። አሁን ጓንት የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ነው።

አንድ ደንበኛ ደግሞ አለ፣ ከምግቡ ይልቅ በአገሩ ስም የመጣ። አባቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው የሄዱት። «አባቴ ስለ ብርዱ ነው የሚያወሩት እንጂ ስለ ዶሮ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም» አለን። እንዴትስ ያወራሉ? ያኔ ኮሪያ የሚበላ የጠፋበት አገር ነበረች። ዘይት በየቤቱ የገባው፣ ዶሮም በዘይት ተጠብሶ በየሰፈሩ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣም ከሥራ የተቀነሱ ብዙ ሰዎች በካሳ ገንዘባቸው ዶሮ ቤት ከፈቱ። ጓደኛዬ ይህችን ስትሰማ «እኔስ ከእነሱ በምን እለያለሁ?» ብላ ሳቀች። የእኛ ዘማቾች መታሰቢያ የቆመባት ቹንቾን ደግሞ፣ በድንጋጤ ብትሰሙትም፣ በዶሮ የታወቀች ከተማ ናት፤ በጎቹጃንግ ታሽቶ ብረት ላይ የሚጠበሰው ዳክጋልቢ የእሷ ምግብ ነው። መታሰቢያው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲቆም ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው ነበር፤ በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ቡና የሚጠጣበት ቤት እዚያው አጠገብ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም አለ። ሰውየው ይህን ሁሉ ያወቀው ነው። ግማሽ ዶሮ አዝዞ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ሲወጣ «ሶሱ ትንሽ ያቃጥል» አለ። ይህም ተመዝግቧል።

ተመዝግቧል ስል በእውነት ነው። ከእናቲቱ ወዲህ በሂሳብ ደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ የሰው ቃል እጽፋለሁ፤ ከገቢውና ከወጪው ያላነሰ ይጠቅማል። ጓደኛዬም አስተናጋጇን «እንዴት ነበር?» ብላ እንዳትጠይቅ ከልክላታለች፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «በሚቀጥለው ምን እንቀንስ፣ ምን እንጨምር?» ብላ ነው የምትጠይቀው። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው መውቀስ ሳይሆን መምከር ይመስለዋል፤ ለመምከር ደግሞ ጎንደሬ ሰስቶ አያውቅም። ገጾቹ እየሞሉ ነው። ጨው ይቀነስ። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ለልጆች የማያቃጥል ይሠራ። መንገድ ተዘግቶ ዶሮ ሳይገባ ሲቀር በር ላይ ለጥፉልን፣ ከማራኪ ድረስ በከንቱ አታመላልሱን። እንጀራ ይቅረብ የሚለው ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኔ እቃወማለሁ፣ ሶሱን ሁሉ ጠጥቶ ቅርፊቱን ያረጥበዋል፤ ጓደኛዬ ግን መወላወል ጀምራለች።

እናቲቱም አልቀሩም። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ አብራቸው መምጣት ፈርታ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ባለፈው ሳምንት መጥተው አጥንቱን እንደ ልማዳቸው ወደ መብራቱ አንሥተው አዩ፤ ምንም አላሉም፤ በሉ። ከዚያ ጎመኑን ቀምሰው፣ ኮምጣጤው በዝቷል አሉ። ቀምሰን አየነው፤ በዝቷል።